የውሰት ክላሽ

አያ ወልደ ሚካኤል ክላሹን ከሟቹ ፎቶ አጠገብ ወንበር ላይ አጋደሙትና ራቅ ብለው አዩት።

«አሁን ለቅሶ መሰለ» አሉ።

ትርሓስ ከፍራሹ ቀና አለች። «የማን ነው?»

«ሰው ሲጠይቅሽ የባልሽ ነው በይ።»

ድንቄም የባሏ! አራጌ በዕድሜው ጥይት ተኩሶ አያውቅም። ወባ እስከጣለው ድረስ ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ፕሌይስቴሽን ያጫውት ነበር። ክላሹ የጎረቤት ነው፤ ጧት ሲዋሱት ሰምታለች። ወንድ ሲሞት ዕቃው ለለቅሶ ይወጣል፣ አስለቃሿም እያነሳች ትገጥምበታለች፤ ወጉ ነው። አጎት ተብዬውን አያ ወልደ ሚካኤልን ግን የወንድማቸው ልጅ ዕቃ አሳፈራቸው።

አስለቃሿ ክላሹን ታቅፋ «ቀኝ እጁን ጦር ግንባር ላይ የጣለ» ስትል ድንኳኑ እዬዬ አለ። ትርሓስ ዓይኗ አልረጠበም። እነዚህ አፈ ቅቤዎች በቁሙ «ቆራጣው» ሲሉት የኖሩ ናቸው።

ግንባር! እጁን የበላው የማሽላ መውቂያ ነው። መውቂያው ደግሞ የአያ ወልደ ሚካኤል። ማሽኑ ሲታነቅ «ለማጥፋት ጊዜ አትፍጅ፣ በእጅህ ግፋው» ያሉትም እሳቸው ናቸው።

ፕሌይስቴሽን ቤቱን የከፈተው ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ሌሎች ሲጫወቱ ቆሞ ያይ ነበር፤ አላስቻለውም። አንድ ቀን ትርሓስ ማንኪያ ብትፈልግ አጣች። ለካ እጀታው ተቆርጦ፣ በከመነዳሪ ጎማ ጆይስቲክ ላይ ታስሯል። አራጌ ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ በቀበቶ አስሮ፣ በግራ አውራ ጣቱ ተጫዋቹን ያስሮጣል፤ በትንሿ ጣቱ እጀታውን ሲጫነው ወዲያ ማዶ ያለው የመምቻ ቁልፍ ይነካል።

«ማንኪያዬን!» ብላ ጮኸችበት።

«ጎል ላግባና እገዛልሻለሁ።»

አልገዛላትም። ጎሉን ግን አገባ፤ እሷም ሳትወድ ሳቀች። አያ ወልደ ሚካኤል በዚያ በር ባለፉ ቁጥር «ኤዲያ! ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ታቅፎ!» ብለው ይተፉ ነበር።

አሁን ድንኳኑ በር ላይ አለሙ ብቅ አለ፤ ግራ እጁ ከልጅነቱ የማይታዘዝለት፣ ከሮቢት ከተማ የመጣ ነጋዴ ነው። አራጌ ለሱም በቀኙ ብቻ የሚጫወትበት ሠርቶለት ነበር። በፌስታል የያዘው የአራጌን ጆይስቲክ ነው።

«እትዬ ትርሓስ፣ ይሄም ከዕቃው ጋር ይውጣ ብዬ ነው።»

አያ ወልደ ሚካኤል ብድግ አሉ። «በሰው ፊት ልታዋርደን? ውሰድልኝ ከዚህ!»

ትርሓስ ተነሳች። ክላሹን ከአስለቃሿ ተቀብላ አያ ወልደ ሚካኤልን አሸከመቻቸው።

«ለባለቤቱ ይመልሱ።»

«አብደሻል እንዴ አንቺ!»

«ዕቃ ካማረዎ የራስዎን መውቂያ አምጥተው ያስቁሙልን። የአራጌን እጅ የሚያውቀው እሱ ነው።»

ጉድ በል ቆቦ! አያ ወልደ ሚካኤል ክላሽ እንደታቀፉ የሚያዩበት አጡ። አንድም ሰው ከጎናቸው አልቆመም።

አስለቃሿ ግራ ገባት። «እና ምን ብዬ ላልቅስ፣ እቴ?»

«ማንኪያዬን ወሰደ በይ።»

ትርሓስ ጆይስቲኩን ተቀብላ ፍራሹ ላይ ተመለሰች። ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፤ ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። በግራዋ ይዛ ትንሿን ጣቷን ወደ ማንኪያው እጀታ ዘረጋች። አልደረሰላትም። እንደገና ዘረጋች።

ያኔ አለቀሰች። ቀኝ እጇን ግን አላወጣችም።