ከወደቀ በኋላ

ምስክሮች ባለመቅረባቸው ዳኛው እንደገና ቀጠሮ ሲሰጡ ብረት በያጁ ከመቀመጫው ንቅንቅ አላለም። የበያጁን ታናሽ ወንድም በቢላ ወግቶ በመግደል የተከሰሰው ሥጋ ሻጭ በካቴና ታስሮ በፊቱ ሲያልፍ እንኳ አንገቱን እንደደፋ ነበር። ሃምሳ አለቃዋ አየችውና "ምስኪን፣ ሐዘኑ አድቅቆታል" ብላ አለፈችው።

የማረሚያ ቤት አጃቢ ናት። እስረኛ ተረክባ ችሎት ታቀርባለች፤ እንደተረከበችው በሕይወቱ ትመልሳለች፤ ጥፋተኛ ነው አይደለም የዳኞች ጉዳይ ነው። ያን ቀን አብሯት የተመደበው ባልደረባዋ ከግዝፈቱ የተነሳ "ዝሆኑ" ይባላል። እሱ ከፊት መንገድ ያስለቅቃል፤ እሷ የሥጋ ሻጩን ክንድ ጨብጣ ትከተላለች።

ኮሪደሩ በሰው ጢም ብሏል። የሟች እናት ግድግዳውን ተደግፈው "ልጄን! ልጄን!" ይላሉ። ሥጋ ሻጩ ዞር ብሎ አያቸው። ፈገግ አለ የሚሉ አሉ። ሃምሳ አለቃዋ ግን በፍርሃት ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልሳቀም ትላለች። ከችሎቱ ተከትሏቸው ለወጣው በያጁ ግን ፈገግታ ነው የታየው።

ራሱ የሞረደውን ቀጭን ብረት ጫማው ውስጥ ሸሽጎ ገብቶ ነበር። እሷ መጀመሪያ ያየችው እጁን ነው። ሥጋ ሻጩን ወደ ኋላ ጎትታ መሃል ገባች። ብረቱ ትከሻዋ ሥር ገብቶ ወጣ። ሁለተኛው ምት ጉንጯን ከጆሮዋ እስከ አገጯ ተረተረው። ሕመሙ አልተሰማትም፤ ብቻ አንድ ሰው የፈላ ውሃ አንገቷ ላይ የደፋባት መሰላት። ሥጋ ሻጩ ከኋላዋ ቀበቶዋን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ እንደ ሕፃን ይጮኻል።

"ልቀቂልኝ! አንቺን አይደለም! ልቀቂልኝ!" ይላል በያጁ፤ እሷ የእጁን አንጓ በሁለት እጇ አንቃ ይዛለች።

ዝሆኑ ሰዉን እየገፈታተረ ደረሰና በዱላው አናቱን አለው። በያጁ ተዘረረ። ብረቱም ከእጁ አምልጦ ሄደ።

ነገሩ እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት። ዝሆኑ ግን አላበቃም። በቡትስ ጫማው ፊቱን ረገጠው። ደገመው። የሆነ ነገር ሲሰበር ኮሪደሩ ሙሉ ሰማ።

"በቃ! ወድቋል! ወድቋል እኮ!"

አልሰማትም። በደም በራሰው ወለል ላይ እየተንፏቀቀች ሄዳ የዝሆኑን እግር አቀፈች። ከዚያ በኋላ የሆነውን አታስታውስም።

ሆስፒታል መጀመሪያ የመጣው የፖሊስ መርማሪው ነው።

"እየውልሽ እህቴ" አለ ወንበር ስቦ። "ሰውየው ሲሸሽ ደረጃው ላይ ወድቆ ነው ፊቱ የተጎዳው። እንደዚያ ነው አይደል?"

"ኮሪደሩ ደረጃ የለውም።"

"የወጋሽ ሰውዬ ነው እኮ!"

"ወግቶኛል። ደረጃ ግን የለም።"

መርማሪው ወንበሩን ወደ ቦታው መልሶ ወጣ።

በማግስቱ የበያጁ እናት መጡ። በሩ ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም። "አንዱን ቀበርኩት፣ የዚህኛው ዓይኑ ጠፋ። አሁን ደግሞ አንቺ ልትከሽው ነው?"

"የሚከሰው ዐቃቤ ሕግ ነው እናቴ። የሚፈርደው ዳኛው ነው። እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም። እሱ ያደረገውንም፣ በእሱ ላይ የተደረገውንም።"

ሴትዮዋ ፊቷ ላይ ያለውን ፋሻ ትክ ብለው አዩና "እግዜር ይማርሽ" ብለው ሄዱ።

ከሁሉም የከበዳት የዝሆኑ መምጣት ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ትልልቅ መዳፎቹን ያያል። "የሞትሽ መስሎኝ ነው እኮ። ደምሽን ሳይ ራሴን ሳትኩ።"

"አውቃለሁ ወንድሜ። እሱንም እናገራለሁ።"

"ልጆች አሉኝ።"

 እሱ ከወጣ በኋላ ትራሱን ነክሳ አለቀሰች፤ የጉንጯ ስፌት እስኪደማ።

ዐቃቤ ሕጓ ቢሮ የተጠየቀችው አጭር ጥያቄ ነበር፦ "ከወደቀ በኋላ ማን መታው?" ተናገረች። በያጁ በግድያ ሙከራ ተፈረደበት። ዝሆኑ ከሥራ ተባርሮ ታሰረ። በሥጋ ሻጩ ላይ የተቆጠሩት ምስክሮችም በመጨረሻ በፖሊስ ተይዘው ቀርበው፣ እሱም ረጅም እስራት ተከናነበ። ማረሚያ ቤት ውስጥ ደግሞ እሷ ስትገባ ወሬ መቋረጥ ጀመረ። የልብስ ሳጥኗ ላይ "ከሃዲ" የሚል ቃል በምስማር ተቧጥጦ ጠበቃት። አልፋቀችውም።

በያጁን ወደዚያው ማረሚያ ቤት ያመጡት ፀሐይ አናት በምትበሳበት ቀን ነው። የግራ ዓይኑ የነበረበት ጎድጉዷል። ከሥጋ ሻጩ ራቅ ያለ ግቢ እንዲመደብ አድርጋ ራሷ ይዛው ሄደች። መንገዱ ግን በሽቦው አጥር ሥር ያልፋል። ከወዲያ ማዶ ሥጋ ሻጩ አያቸው፤ አሁን አጥር አለለት።

"ወንድምህ እንደ በግ ነው የጮኸው!"

በያጁ ከእጇ ተመንጭቆ ሽቦው ላይ ተወረወረ። በቡጢ፣ በግንባሩ፣ በጥርሱ ሳይቀር ታገለው። እሾሁ መዳፉን ዘነጣጠለው። ከኋላ ወገቡን ይዛ ስትጎትተው በክርኑ ያንኑ ጉንጯን አላት፤ አፏ ደም ሞላ። ተያይዘው ወደቁ።

"ለምን ገባሽ ያን ቀን? ለምን?"

"ሥራዬ ነው።"

"ዓይኔስ? የማን ሥራ ነው?"

"የባልደረባዬ። ተናግሬበታለሁ፤ ታስሯል።"

ትግሉን ተወ። አንድ ዓይኑ ብቻ ያነባል።

ጠባቂዎቹ ዱላቸውን አንስተው እየሮጡ ደረሱ፤ ወራት ሙሉ ሰላምታ የነፈጓት እነዚያው ናቸው። ደሟን እንትፍ አለችና ካለችበት ሳትነሳ እጇን ዘረጋች። "ማንም እንዳይነካው!"

ቆሙ። አንዱ ዱላውን ቀበቶው ውስጥ መለሰ። ሌሎቹም እየቆዩ ተከተሉት፤ አንደኛው ግን እያጉረመረመ ነው።

በያጁን አስነስታ፣ የሚንጠባጠብ መዳፉን በራሷ ሻሽ ጠቅልላ ወደ ክሊኒኩ ወሰደችው።