ሸክላውና ጀሶው ሲጣሉ

ጣሊያን ከወጣ ጀምሮ አምስት ኪሎ ያለውን የመሥሪያ ቤት አትክልት የሚንከባከበው ሸምሰዲን ነው። አፈሩ ውሃ ይፈልግ አይፈልግ የሚያውቀው ጣቱን ነክሮ ነበር። አምና ግን ጣቶቹ ደነዘዙ፤ እሳት ቢነኩ እንኳ አይነግሩትም። ይህን ለማንም አልተነፈሰም። እጁ የከዳውን አትክልተኛ ማን ያቆየዋል? ደግነቱ ሚስቱ ከሪማ ፒያሳ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ካለው ቤታቸው ምሳውን ይዛለት ትመጣለች። ወሬ አያልቅባትምና ጽጌረዳው ሥር ቁጢጥ ብላ አፈሩን እየፈተገች፣ "ዛሬስ ደርቋል"፣ "ዛሬስ ረስርሷል" ትላለች። እሱም እንዳልሰማ ሆኖ በዚያው ያጠጣል።

ዘንድሮ አቶ ገብረዮሐንስ የሚባል ወጣት የእርሻ ባለሙያ ሁለት መሣሪያ አምጥቶ ጽጌረዳው መሃል ተከለ። አንዱ ውሃ የተሞላ፣ ጫፉ ሸክላ የሆነ ቱቦ ነው፤ ሌላው ሽቦ የገባበት ጀሶ። ሁለቱም የአፈሩን እርጥበት በመርፌ ያሳያሉ። እስከ አሥር ቀን ተስማምተው ቆዩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሸክላው "ረስርሷል" ሲል ጀሶው "ደርቋል" አለ።

"እንግዲህ የሚያስታርቃቸው የእርስዎ እጅ ነው፣ ጋሼ ሸምሰዲን" አለ ባለሙያው፣ እርሳሱን እንደያዘ።

ይሄኔ ከሪማ ምሳውን አንጠልጥላ ደረሰች። እንደ ልማዷ ቁጢጥ ልትል ስትል፣ "አንዴ ይቆዩ፣ እትዬ። እሳቸው ብቻ ይንገሩኝ" አላት ገብረዮሐንስ።

ሸምሰዲን ጣቱን ነከረ። ምንም የለም። በግምት ሊናገር አፉን ከፈተና ጽጌረዳዎቹን አያቸው። አንድ በአንድ የተከላቸው እሱ ነው፤ ቢዋሽ የሚጠማቸው እነሱን ነው።

"አይሰማኝም" አለ። "ዓመት አለፈው። የማጠጣው በሚስቴ ወሬ ነው፤ እሷም አታውቅም።"

"አታውቅም?" ከሪማ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። "አንተ ሰውዬ! የጋለ ድስት በባዶ እጅህ ስታነሳ ያላየሁህ መሰለህ? ዓመት ሙሉ አፈር የምፈትገው ሥራ አጥቼ ነው?" ጎንበስ ብላ አፈሩን ቆንጠር አደረገች። "ደርቋል። ወላሂ አመድ ሆኗል።"

ገብረዮሐንስ ሸክላውን ነቅሎ አየው። አፈሩ ከመጠን በላይ ደርቆ ቱቦው አየር ስቧል፤ አየር ሲገባበት መርፌው እርጥብ ወደሚለው ይመለሳልና የዋሸው ለዚህ ነው። ከዚያም ደብተሩ ላይ ከሸክላውና ከጀሶው ሥር ሦስተኛ መስመር አሰመረ፤ "የባልና ሚስቱ እጅ" ብሎ ጻፈበት።

"ነገም በሰዓቱ ኑልኝ" አለ፤ "ሁለታችሁም።"

ከሪማ ለምሳ እጁን አስታጠበችው። ሸምሰዲን ውሃው በጣቶቹ መሃል ሲወርድ እያየ፣ ዓመት ሙሉ ሊጠይቃት የፈራውን ጠየቃት።

"ሙቅ ነው ቀዝቃዛ?"

"ለብ ያለ ነው" አለችው።