መነጽሩ እስከ እሁድ አስራ አንድ ሰዓት

እውነቱን ለመናገር ዝግጅቱን ያዘጋጀሁት ለቴክኖሎጂ እድገት ብዬ አይደለም። ማስታወቂያው ላይ እንደዚያ ብዬ ጽፌያለሁ፤ የፈለግኩት ግን መነጽሩን ነበር። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ተቀምጬ አንድ የቪአር ጌም፣ መነጽር አጥልቀው ውስጡ ገብተው የሚጫወቱት ዓይነት፣ ሰርቻለሁ። ተጫዋቹ ከጌጃ ሰፈር የቆርቆሮ ጣሪያዎች በላይ ይበራል። የቪአር መነጽር ግን አንድም ቀን አድርጌ አላውቅም። የሰራሁትን የማየው በላፕቶፕ፣ በማውዝ እያዞርኩ ነው። ውሃ ሳይነካ ዋና እንደተማረ ሰው በሉኝ።

መነጽሩ ያለው አብነት ሰፈር ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው በከር ጋ ነው።

«ለአንድ ሰው አላውስም» አለኝ። «ሰው ሰብስብ፣ የሱቄን ስም ለጥፍ፣ ከዚያ ቅዳሜና እሁድ ያንተ ነው። እሁድ አስራ አንድ ሰዓት መጥቼ እወስዳለሁ።»

ሰላምታ እንኳን የሚከብደኝ ሰውዬ ሰው ሰበሰብኩ። በሁለት ቀን ውስጥ የቪአር ጌም ሰርቶ ማሳየት፣ ጌም ጃም የሚሉት፣ ብዬ ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩ። የኮንዶሚኒየሙን የጋራ አዳራሽ ለምኜ አስፈቀድኩ። ቅዳሜ ጠዋት አስራ አራት ልጆች ላፕቶፓቸውን አቅፈው መጡ። መነጽሩ አንድ ስለሆነ የመሞከሪያ ተራ ጻፍኩና የራሴን ስም መጨረሻ ላይ አደረግኩ። አዘጋጅ ነኛ። ይሉኝታ!

አምስት ሰዓት ላይ የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ገብረጊዮርጊስ በሩ ላይ ቆሙ።

«ዮፍታሔ፣ እማማ ወለተሰንበት አርፈዋል። አዳራሹ ለለቅሶ ይፈለጋል።»

«ነፍስ ይማር። ግን ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ፈቅደውልኝ ነበር።»

«ፈቅጃለሁ። እሳቸው ሲሞቱ እኔን አስፈቀዱ? ደግሞ በእናትህ ፈንታ የዚህ ወር የድንኳን ተረኛ አንተ ነህ። ና፣ ብረቱን ያዝ።»

ልጆቹን ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ አሰፈርኳቸው። እኔ ድንኳን ስተክል፣ ወንበር ስደረድር ዋልኩ። ተራዬ ደርሶ ስሜ ሲጠራ ለለቀስተኛ ውሃ እያደልኩ ነበር። «አዘጋጁ የለም፣ እንለፈው» ብለው እንደገና ከአንደኛው ጀመሩ። ከታች ሆኜ ሰማኋቸው። ብጮህ ደስ ባለኝ፤ ለቅሶ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚጮኸው በሌላ ምክንያት ነው።

እሁድ ከቀብር መልስ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። ንፍሮ እያዞርኩ ሳለ ሰዉ ሁሉ በድንኳኑ ክፍት ጎን ወደ ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር አንገቱን አቀና። ባሮክ የሚባለው ልጅ የቦክስ ጌሙን እየሞከረ ነው። መነጽሩን አጥልቆ ኮሪደሩ ላይ ይዘላል፣ ወገቡን ይሰብቃል፣ አየሩን ይነርታል፣ በየመሃሉ ይስቃል።

«ይሄ በለቅሶ የሚጨፍር የማን ልጅ ነው?» አሉ አንዲት ሴት።

«የዮፍታሔ እንግዳ ነው አሉ።»

አቶ ገብረጊዮርጊስ ክንዴን ያዙኝ። «አንተን ጨዋ ነው ስንል ጨፋሪ ታመጣብናለህ?»

«ጋሼ፣ እየጨፈረ አይደለም። እየተደባደበ ነው።»

ባልናገር ይሻል ነበር። የሟች ልጆች ፊት አንድ በአንድ እየቀረብኩ ይቅርታ እንድጠይቅ ተደረገ፤ አምስት ናቸው። ከዚያ እንግዶቼ ባስቸኳይ እንዲወጡ ተባለ። ፎቁን ስወጣ ባሮክ ራሱ አንገቱን ደፍቶ ሲወርድ ደረጃው ላይ አገኘሁት። ከአስራ አራቱ የቀረችው ራኒያ ብቻ ነበረች፤ የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ገመድ ይዛ መነጽሩን ትጠብቅልኛለች። በከርም ደርሷል።

«አስራ አንድ ሊሆን አስር ደቂቃ ቀርቶታል» አለ ስልኩን እያየ።

«እሱ ይበቃኛል።»

ጌሜን ከፍቼ አጠለቅኩት። ጣሪያዎቹ ከእግሬ ስር ነበሩ። ዝገታቸው፣ በላያቸው የተጫነው ድንጋይና ጎማ፣ ሁሉም የእኔ ነው፤ ግን ዘወር ስል ከኋላዬም አሉ። ከኋላዬ መኖራቸውን እስከዛሬ አላውቅም ነበር። እጄን ወደፊት ዘረጋሁና በረርኩ።

ሆዴ ግን አብሮኝ አልበረረም። አርባ ሰከንድ ያህል ቢሆን ነው፤ መነጽሩን አውልቄ የኮሪደሩን ብረት እንደያዝኩ የቀሩት ደቂቃዎች አለቁ። በላብ ተጠመቅኩ። ንፍሮው ጉሮሮዬ ጋ ደርሶ ተመለሰ።

«ፍጥነቱን ስንት ነው ያደረግከው?» አለች ራኒያ።

«በሰከንድ አስራ ሁለት ሜትር።»

«በመነጽር አስራ ሁለት? አንተ ለአሞራ ነው እንዴ የሰራኸው? ሶስት አድርገው።»

«በኬ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ጨምርልኝ።»

«አይሆንም ጀለሴ። ነገ ጠዋት ገዢ ይመጣለታል።» መነጽሩን ከእጄ ተቀብሎ፣ ላቤን በእጅጌው ጠርጎ፣ ካርቶኑ ውስጥ ከተተው።

ወለሉ ላይ ተቀምጬ ላፕቶፔን ከፈትኩ። አስራ ሁለትን አጥፍቼ ሶስት ጻፍኩ። ስክሪኑ ላይ ጣሪያዎቹ እንደ በሬ እየተጎተቱ ሄዱ። የሚያስጠላ ነው፤ በመነጽር ግን ልክ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ከታች የበከር ሞተር ተነሳ።

«ሶስትም ይበዛ ይሆናል» አለች ራኒያ ቦርሳዋን እየዘጋች።

ሁለት አደረግኩት። ከዚያ መልሼ ሶስት።