ክሪክ ላይ የቆየችው ሙሽራ

ባሌ ብላጎዬ ጥሩ ጎሚስታ ነው። በኋላ የማወራውን ሰምታችሁ ሰውየውን እንዳትንቁት፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ሞራቫ ወንዝ ዳር ባለችው ከተማችን ሠላሳ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እሱ ጎማ ይፈታል፣ እኔ እለጥፋለሁ። አንድ አመል ብቻ አለበት። አንድ ነገር ከተናገረ አለቀ፣ ዓለም ቢገለበጥ አይመልሰውም።

በአየር የሚሠራውን ብሎን መፍቻ የገዛን ቀን፣ አፍንጫው ላይ የምትሰካው፣ የብሎኑን ራስ የምትጎርሰው ቡሶላ ጎኗ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ አየሁ። "ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?" አልኩት። አላወቀም። አላውቅም ከሚል ግን ጣቱን ቢቆርጥ ይመርጣል። "አየር ማስገቢያ ናት" አለ። በዚያው አየር ማስገቢያ ሆና ሰባት ዓመት ኖረች። አምና ደግሞ "ጭቃ እየገባባት ነው" ብሎ ብረት በሚያጣብቅ ኮላ ድፍን አደረጋት። ድሮ በትግልም ቢሆን ትወርድ የነበረችው አሥራ ዘጠኝ ቁጥሯ ቡሶላ ከዚያ ወዲህ ከመፍቻው ወርዳ አታውቅም። የሰፈራችን መኪና ብሎን አብዛኛው አሥራ ዘጠኝ ስለሆነ ግድ አልሰጠንም፤ ሌላ ቁጥር ሲመጣ በእጅ እንፈታለን።

የዚያን እሑድ ሌሊቱን የመጀመሪያው በረዶ ጣለ። የኛ ሰው በረዶ አፍንጫው ላይ ካላረፈ ጎማውን በበረዶ ጎማ መቀየር ትዝ አይለውም፤ ስለዚህ እሑድም ቢሆን ከፍተን ነበር። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ የሠርግ መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ መጡና ደጃችን ላይ ቆሙ። የሙሽራዋ መኪና አንዱ ጎማ መሬት ላይ ተኝቷል። የሚነዳው ሚዜው ራድሚሎ ነው፣ ያውም በረዶ በማይቆነጥጥ የበጋ ጎማ። ተንሸራቶ ከድንጋይ ጋር ተላትሟል።

ሙሽራው ቮይን ከኋላ መኪና ዘሎ ወርዶ ሊሮጥ ሲል፣ ደጃችን ላይ የደፋነው ውሃ በረዶ ሆኖ ጠብቆት በመቀመጫው አረፈ። ከሠርጉ ጋር የመጣው የሙዚቃ ጓድ ውድቀቱን በጥሩምባ አጀበው።

"አጎት ብላጎዬ፣ ድረስልን! ቄሱ ስድስት ሰዓት ላይ ለቀብር ወደ ተራራው ይወጣሉ" አለ እየተነሣ።

"በዚህ በረዶ ከወጡማ ዛሬ አይመለሱም" አልኩ።

"ነገ ደግሞ የገና ጾም ይገባል" አለ ራድሚሎ፣ እሱ እንዳላጠፋ ሁሉ። ጾም ከገባ እስከ ገና ማግስት ጋብቻ የለም።

ቮይን ወደ ሙሽራዋ በር ሄደ። "ተሸክሜ ሌላ መኪና ውስጥ አስገባታለሁ፣ ምን ችግር አለ?"

"እንዳትነካት!" የሚል ድምፅ መጣ። አክስት ስታሜና ናት፣ ቮይንን ከሕፃንነቱ ያሳደገችው። ዱላዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። "ሙሽራ ከአባቷ ደጅ የገባችበትን መኪና ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳትደርስ አትለቅም! የአባቶቻችን ወግ ነው!"

እንዲህ ያለ ወግ እኔ ሰምቼ አላውቅም። ግን መቶ ሰው ፊት ስታሜናን የሚከራከር ማን ነው? መኪናውን ሙሽራዋ እንዳለችበት በክሪክ አነሣነው።

ጎማው አምስት ብሎን ነው፣ አሥራ ሰባት ቁጥር። በመስቀል መፍቻው አራቱን ፈታን። አምስተኛው ፍንክች አላለም። ራድሚሎ መፍቻው ላይ ቆመ፣ ሌላም ተደረበበት፤ የተጣመመው መፍቻው ነው።

"ይህን ማን ነው ያጠበቀው?" አለ ራድሚሎ።

ብላጎዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ጸደይ ላይ እጀታውን በቧንቧ አስረዝሞ ያጠበቀው እሱ ራሱ ነበር።

እንግዲህ ያለ አየር መፍቻው አይሆንም። ለዚያ ደግሞ አሥራ ዘጠኟ ወርዳ አሥራ ሰባቷ መግባት አለባት። ብላጎዬ መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ ባለው ብረት መንከሻ፣ በሞርሳው፣ አስሮ ቡሶላዋን በመዶሻ ይነርታት ጀመር።

በዚህ መሀል ሙሽራዋ ዱንያ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ጠራችኝ። ፊቷ ገርጥቷል።

"አክስቴ ዛጎርካ፣ እስከ ገና ከቆየ ይሄ ቀሚስ አይዘጋም።"

"ምን በልተሽ ነው የምትወፍሪው?"

"ከመብል አይደለም" አለችና እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች።

ወደ መስኮቱ ጎንበስ አልኩ። "ስታሜና ታውቃለች?"

"እሷ ካወቀችማ አለቀልኝ! ሰው ፊት እንዲህ ሆኜ መቆም አልችልም፣ አክስቴ። ዛሬ ካልሆነ…" እንባዋ መጣ። ደረቴን መታሁና "ዛሬ ትጋቢያለሽ፣ እኔ አለሁልሽ" አልኳት። በምን ተማምኜ እንደሆነ አላውቅም።

ስመለስ ብላጎዬ ቡሶላዋን በዘይት አጥቧታል፤ ሁለት ሚዜዎች በትልቅ ፒንሳ ይዘው በሬ እንደሚጎትቱ ይጎትታሉ። አንደኛው አምልጦት ከጎማ ክምሩ ላይ ተዘረረ። የሙዚቃ ጓዱ ለእሱም ነፋለት። አምስት ሰዓት ተኩል አልፏል።

"ብላጎዬ፣ ሳትደፈን እኮ ትወርድ ነበር፤ ቀዳዳዋን ክፈታት" አልኩት።

"ምን ያደርጋል? አየር ማስገቢያ ናት አልኩሽ።"

"ታዲያ ታፍና ይሆናላ! አየር እናስገባላት!"

ሰው ሳቀ። ብላጎዬ ግን መዶሻውን አነሣ። ያኔ ነደደኝ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ግትርነቱ ስስቅ ኖሬያለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ለእልሁ ሲል የልጅቷን ቀን ሊቀብረው ነው። መዶሻውን ነጠቅሁት። ምስማር በፒንሳ ይዤ ጋዝ ምድጃው ላይ አጋልኩና ቀዳዳዋ ላይ ተከልኩት። ኮላው ጨሰ፣ ሸተተ፣ እንደ ሙጫ ለሰለሰ። ፈለቀቅሁት። ደግሜ አጋልኩ፣ ደግሜ ፈለቀቅሁ። ከሥሩ አንዲት የምታብረቀርቅ ብረት ብቅ አለች፤ ከመፍቻው አፍንጫ ወጥታ ቡሶላዋን በቀዳዳዋ በኩል ሰክታ የያዘች ትንሽ እሾህ። ለካ ሰባት ዓመት ሙሉ ቁልፉ ዓይናችን ሥር ነበር፣ እኛም ኮላ አጉርሰነዋል።

ብላጎዬ አያት። ጆሮው እስኪቀላ አያት።

"እኔ በምስማሩ እጫናለሁ፣ አንተ ሳብ" አልኩት። "ቀስ ብለህ። በጉልበት አይደለም።"

ተጫንኳት። እሾኋ ወደ ውስጥ ገባች፤ ቡሶላዋም እንደ በሰለ ፕለም እጁ ላይ ወደቀች። ይህን ያህል ቀላል ነበር። አሥራ ሰባቷን ሰካን፤ መፍቻው ትርርር ሲል አምስተኛው ብሎን ወጣ። ትርፍ ጎማው ገብቶ መኪናው ከክሪክ ሲወርድ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። እኛም በሥራ ልብሳችን ከኋላ ተከተልን። ቄሱ ካባቸውን ደርበው ደጅ ላይ ሰዓታቸውን ሲያዩ ደረስንባቸው። ዱንያ "አዎን" ስትል ከኔ በላይ ያለቀሰ አልነበረም።

በድግሱ ላይ ሥጋ የገባበት ጎመን እየበላን ስታሜና አጠገቤ ተቀመጠች። ብላጎዬ ከፊታችን ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ጀምሮ አፉን የከፈተው ለመጉረስ ብቻ ነው።

"አክስቴ" አልኳት፣ "ያ ከመኪና አትወርድም የሚለው ወግ የየት ነው? እናቴ ነግራኝ አታውቅም።"

ስታሜና ግራ ቀኝ አየችና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። "የትም አገር የለም። እኔ ነኝ ያመጣሁት። ቮይን በረዶው ላይ ሲወድቅ አላየሽውም? ያቺን ልጅ ተሸክሞ ቢደገምስ? ሁለት ነፍስ ናት'ኮ።"

"ታውቂያለሽ?!"

"የቀሚሷን ወገብ ሁለት ጊዜ የለቀቀችላት ልብስ ሰፊ የእህቴ ልጅ ናት። ማወቄን ለዱንያ እንዳትነግሪያት፣ እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ።"

ዓይኔ እርጥብ አለ። ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ። "ታዲያ ሴትዮ፣ ሌላ መኪና በር ለበር አስጠግተን እናሻግራት ነበር! ሠርጉ ለጥቂት ነው የተረፈው! ለምን 'ተውኩት' አላልሽም?"

"አንዴ ተናገርኩ። መቶ ሰው ፊት እንዴት አድርጌ ልመልሰው?"

መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት ብላጎዬ ሹካውን አስቀመጠ። ለስታሜና ብርጭቆዋን እስከ አፉ ራኪያ አረቄ ሞላላትና ከመቀመጫው ተነሣ።

"እውነትሽን ነው፣ አክስቴ" አላት። "ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።"