ያለ ስም የማይሰቀል ሽርጥ

"እማዬ፣ ጣትሽ እየደማ ነው! የሠርግ ቀሚሴ ላይ እንዳታንጠባጥቢ!"

ልብስ ሰፊዋ መርፌው ሲወጋት እንኳን አልተሰማትም። ጭኗ ላይ የተዘረጋውን ነጭ ሽርጥ አፍጥጣ ታያለች። ከከረጢቱ ስታወጣው የወጥ ቤት ሽርጥ መስሏት ነበር። ማሰሪያው ተበጥሷል፤ መሃሉ ላይ ግን በሰማያዊ ክር የተጠለፈ ኮምፓስና ማዕዘን መለኪያ አለ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ እሑድ ሙሉ ሲወገዝ የሰማችው የምስጢር ማኅበር ምልክት ነው።

"ጉድ ፈላ! አማትሽ ፍሪሜሶን ናቸው!"

ሽርጡን ጠዋት ያመጡት ፋርማሲስቱ ናቸው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጇን የሚያገባው ልጅ አባት። እሑድ እሑድ ከፊቷ ተቀምጠው በወፍራም ድምፅ የሚዘምሩ፣ ለቸገረው ሰው መድኃኒት በነፃ የሚሰጡ ሰው። "ሲያልቅ ግን አደራ፣ መስኮቱ ጋ እንዳይሰቅሉት" ብለዋት ነበር። በዚህ ሱቅ ደግሞ ያለቀ ልብስ ሁሉ የባለቤቱ ስም ተለጥፎበት መስኮቱ ጋ ይሰቀላል።

"ታዲያ ምን ይሁን?" አለች ልጅቷ።

"ምን ይሁን ትላለች! ነገ የምትወልጂውን ልጅ ጨለማ ክፍል አስገብተው ያስምሉታል!"

"መጀመሪያ ላግባ እንጂ! አንቺ እኮ ደመና ሳይታይ ጎርፍ ወሰደኝ ባይ ነሽ።"

"አሹፊ አንቺ። ይህ ነገር ሳይጠራ ግን ቀሚሱን አልጨርሰውም።"

ልጅቷ ሳቋን ዋጠች። እናቷ አንዴ ካለች አለች ነው።

ከሰዓት በኋላ ፋርማሲስቱ መጡ።

"ይቀመጡ ጋሼ። ዙሪያ ጥምጥም አልችልበትም፤ ሰይጣን ታመልካላችሁ?"

ሳቃቸው አመለጣቸው። "ከስብሰባችን ግማሹ ቃለ ጉባኤ ማንበብ ነው። ሰይጣን ቢመጣም እንቅልፍ ይወስደዋል።"

ልጅቷ ፊቷን አዙራ ሳቀች። እናት አልሳቀችም።

"ማኅበሩ ሲገቡ በምን ማሉ?"

"በመጽሐፍ ቅዱስ። በእግዚአብሔር ታምናለህ ወይ አሉኝ፤ አዎ አልኩ።"

"በየትኛው አምላክ ብለው አልጠየቁዎትም?"

"አይጠይቁም። የየሃይማኖቱ ሰው ስላለ በጸሎታችን የክርስቶስ ስም አይነሣም።"

"ይኸውልዎ! እኔ ያለ ስሙ መርፌ ውስጥ ክር አላስገባም።"

ፋርማሲስቱ መነጽራቸውን አወለቁ። "እሱ እኔንም ይከነክነኛል። እዚያ አብረውኝ በሽተኛ የሚጠይቁ፣ ወላጅ የሌለውን የሚያስተምሩ ወንድሞች አሉኝ። ስጸልይ ግን ስሙን በልቤ እጨምራለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።"

"ልጅዎ ያውቃል? ቄሱስ?"

"ማንም አያውቅም።"

"እኔን የሚያስፈራኝ ይኼው ነው" አለች። "ማኅበርዎና ቤተ ክርስቲያን ይስማማሉ አይስማሙም ለማለት ሊቅ አይደለሁም። ግን ደግ ነገር ከሆነ ከቄሱ ምን ያስደብቀዋል? ሽርጡን እሰፋለሁ፤ ያለ ስም ግን ከዚህ ቤት የሚወጣ ልብስ የለም።" ብጣሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረገችላቸው።

"ቄሱ እኮ ነገ የመዘምራኑን ቀሚስ ሊወስዱ ይመጣሉ።"

"እኔም አውቃለሁ።"

ፋርማሲስቱ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ስማቸውን ጻፉ።

"ይህንንማ ቄሱ ቢያዩትም አያነቡትም" አለች ልጅቷ አጮልቃ። "የመድኃኒት ቤት ጽሕፈት ነው።"

"በትልቁ ይጻፉልኝ" አለች እናት።

በትልቁ ጻፉ። ስልካቸውንም አወጡ። "ከመስኮት ከሚያነቡት ከአፌ ይስሙት" አሉና፣ መጀመሪያ ወደ ልጃቸው ቀጥሎ ወደ ቄሱ ሊደውሉ ወደ ደጅ ወጡ።

ልብስ ሰፊዋ ማሰሪያውን ሰፍታ ስሙን ለጠፈችና ሽርጡን ከመዘምራኑ ቀሚስ ጎን ሰቀለችው። ራቅ ብላ አየችው። ተመለሰችና እንዳይነካኩ በመሃላቸው አንድ ባዶ ማንጠልጠያ አስገባች። ከዚያ የልጇን ቀሚስ አንሥታ ማሽኑ ፊት ተቀመጠች።