ሽማግሌ የተላከበት ሳጥን

የቻይናው ሳጥናችን በሰርጉ ሳምንት ልብስ አልሰጥም አለ። ቁልፉ ይዞራል፣ ክዳኑ አይነሳም። አናጺ ጠራን፤ መሮውን ሲያስጠጋ ሳጥኑ "ተው" አለው። አናጺውም ተወ፤ ጨዋ ሰው ነው።

ሳጥኑን ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ድሬዳዋ ባቡር ላይ ሲሠራ ከጅቡቲ ያመጣው ነው። ጎኑ ላይ ድልድይ፣ ጀልባ፣ ጃንጥላ የያዙ ሴቶች ተቀርጸውበታል። እንጨቱ ሽታ አለው፣ ብል አያስጠጋም። እና ደህና ደህናውን ሁሉ "ለክት ነው" እያልን እዚያ ከተትን። ሠላሳ ዓመት አስገባን እንጂ አላወጣንም። ታዲያ "የኔ ነው" ቢል ምን ይፈረድበታል?

ውስጡ የሟች ልጄ የሰርግ ቀሚስ አለ። ልጇ ምንትዋብ እሑድ ጌዲዮንን ልታገባ ነው፤ የእናቴን ቀሚስ ካልለበስኩ አላገባም ብላለች። ከእናቷ የቀራት እሱ ብቻ ነዋ።

"እንግዲህ ሽማግሌ እንላክበት" አልኩ።

"በሳጥን ላይ እምዬ?" አለች ምንትዋብ።

"አባትሽ ሲያኮርፍስ ልከንበት የለ? ይሄ ቢያንስ ይናገራል።"

ጎረቤታችን ውብሸት ሁለት ሰው አስከትሎ መጣ። አርባ ዓመት ሰው ሲያጋባ ኖሯል፤ የሚያውቀው ንግግር አንድ ነው፣ እሱን ግን ዓይኑን ጨፍኖ ይወጣዋል። ሳጥኑ ፊት ተደርድረው ቆሙ።

"ተቀመጡ" አለ ሳጥኑ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አለ ውብሸት። "ልጅዎን ለልጃችን ለጌዲዮን ይሰጡን ዘንድ ለመለመን መጥተናል።"

ክንዱን ቆነጠጥኩት። "ቀሚሱን በል እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!"

"ውይ! አፌ ለምዶብኝ እኮ ነው እማማ።"

ሳጥኑ ግን ሰምቷል። "ከዘመድ እንምከር፤ ሐሙስ ተመለሱ" አለ፣ እንደ ማንኛውም የሴት ልጅ አባት። ሐሙስ ውብሸት ሊያርም አፉን ሲከፍት ሳጥኑ ቀድሞ "ሰጥተናል" አለ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እሺ ከተባለ በኋላ ሌላ ነገር ማንሳት ነውር ነው።

እሑድ ጠዋት ክዳኑ በራሱ ተነሳና ቀሚሱ ወጣ። ሳጥኑ የሰጠን ልጅም ለብሳው ነበር፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የእጥፋቱ መስመር ከግንባሯ ገና ያልጠፋ። ቀሚሱ ልኳ ነው።

ጌዲዮን ከነሚዜዎቹ ደረሰ። "የቷ ናት ሙሽራዬ?" አለኝ።

"ሽማግሌ የጠየቀልህ ይቺን ነው" አልኩት። ምን ልበል? ውሸት አይደለም።

ምንትዋብን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ። ሚዜዎቹ መዝፈን ጀምረዋል። ልጅቷን ይዟት ሄደ። ጥሩ ልጅ ነው፣ የትልቅ ሰው ቃል አያጥፍም።

ምንትዋብ አላለቀሰችም። ነጠላዋን እንደ ለበሰች ሳጥኑ አጠገብ ሄደች። "ሌላ የእናቴ ነገር አለ?" ብላ ጠየቀችው።

"አለ። ግቢና ምረጪ።"

ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ እስከ ጉልበቷ፣ ከዚያ እስከ ወገቧ፣ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው። ክዳኑ ቀስ ብሎ ተከደነ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ከውስጥ እልልታ ይሰማል፣ የብዙ ሴቶች። ከፊት የምትመራዋን በድምጿ አወቅኳት፤ እኔ ነኝ የወለድኳት። የምንትዋብ ነጠላ ጥለቱ ከክዳኑ ውጭ ቀርቶ ነበር። ከውስጥ አንድ ሰው፣ እንዳይቀደድ ተጠንቅቆ፣ ቀስ እያደረገ ይስበዋል።