የተቆለፈው ጨው

የኑርሑሴን ሚስት ሰዓዲያ ከሰውነት ተራ ወጥታ፣ ፊቷም ጠቁሮ፣ ጨው እንደ ስኳር መላስ ጀመረች። እሱም የሚገድላት ጨዉ ነው ብሎ፣ ከቀበሌው ሱቅ በራሽን ያገኛትን ጨው ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። ምግብ የነፈጋት እንዳይመስልበት፣ ከጣና ዳር ሙዝ እየገዛ ያበላት ነበር። ዛሬ ጠዋት ለጭነት በቅሎዋ የተቀመጠውን አሞሌ ጨው ስትልስ ደረሰባት፤ ጮኸባትና ነጠቃት። ቀትር ላይ ራሷን ስታ ወደቀች።

አሁን ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ የሚነግረው ሌላ ነው።

«ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ አልዶስቴሮን የሚባለውን ሆርሞን ማመንጨት አቁሟል። ኩላሊት ጨው የሚያስቀረው፣ ፖታሲየምን የሚያስወጣው በእሱ ትእዛዝ ነው። እሱ ሲጠፋ ጨዉ በሽንት ያልቃል፤ ፖታሲየሙ ደም ውስጥ ተከማችቶ ልብ እስከማቆም ይደርሳል።»

«ቆይ እንጂ ዶክተር! ጨዉ አይደለም ያሳመማት?»

«እስካሁን ያቆያት እሱ ነው። መድኃኒቱን እንሰጣታለን፤ ጨው ግን አይከልክሏት። ሙዙ ይቅር፤ ፖታሲየም ይበዛበታል።»

ኑርሑሴን የሰማው ሁሉ ተገለባበጠበት። የሰጠው መርዝ፣ የነሳው መድኃኒት ሊሆን ነው?

«እኔ እኮ እንዳትሞችብኝ ብዬ ነው የቆለፍሁት» አላት፣ አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ።

ሰዓዲያ ዓይኗን ገለጠች።

«ስለ አሞሌው ብለህ በቅሎዋን እንዳትመታት» አለችው በደከመ ድምፅ፤ «እሷ እንኳ አካፍላኛለች።»